በቴሌግራም የሚሸጥ የጃርት ሥጋ ለአስም?

ሰሞኑን አንዲት እናት ስልኳን ዘርግታ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አለችኝ። የቴሌግራም ማስታወቂያ ነው፦ የደረቀ የጃርት ሥጋ ለአስም፣ የአንበሳ ስብ ለመገጣጠሚያ፤ «ድሬዳዋ ያሉበት እናደርሳለን» ይላል። ለልጇ ገዝታ እያበላችው ነው። ኢንሄለሩንም አስቁማዋለች።

እኔን ያስደነገጠኝ የኢንሄለሩ መቆም ነው። የጃርት ሥጋ አስም እንደሚያድን የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ የለም። በየቀኑ የሚወሰደው ኢንሄለር የአየር ቧንቧን እብጠት ይቀንሳል፤ ልጁ ደህና ሲመስል ካቆማችሁት እብጠቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል። የድሬን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ! ልጁ ሲያወራ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሥጋውስ? ታሞ ይሁን ሞቶ የተገኘ በምን ታውቃላችሁ? አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ ከታመመ እንስሳ ሥጋና ቆዳ ወደ ሰው ይተላለፋል።

ሕግም አለው። የዱር እንስሳ ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ያስቀጣል፤ እስር ጭምር። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስም እንስሳ መሸጥ ይከለክላል። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በሶማሌላንድ አድርገው ወደ ዓረብ አገር የሚሻገሩት የአቦ ሸማኔ ግልገሎችም በኢንስታግራም ሳይቀር ይሸጣሉ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ሼር ሳይሆን ሪፖርት አድርጉት።

እናትየዋ ኢንሄለሩን ያስቆመችው «ሱስ ያስይዛል» ብለዋት ነው። አያስይዝም። ዋጋው ከከበዳችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ረከስ ያለ አማራጭ ካለ ይፈልግላችኋል።