በቤት የሚሠራ ድምፅ ማጉያና የክፍሎቹ ንግድ

ሙዚቃን ሳያጐድልና ሳይለውጥ ያሰማል ተብሎ «ሃይ ፋይ» የሚል ስም የተሰጠው የድምፅ መሣሪያ ከፋብሪካ ተሟልቶ የሚወጣ ብቻ አይደለም። ስፒከሩንና ጥቂት ክፍሎችን ከሱቅ ገዝቶ፥ ሣጥኑን በገዛ እጁ የሚሠራ ወይም በሰፈሩ አናጢ የሚያሠራ ደንበኛ በብዙ አገሮች ይገኛል። ይህ ደንበኛ ለነጋዴው መልካም ገበያ ነው፤ የሚገዛውን መርጦ ይገዛል፥ ሥራው ከቀናለትም ተመልሶ ይመጣል። ሆኖም ስፒከርን በስፋቱና በዋቱ ብቻ እየለካ የሚሸጥለት ነጋዴ ካጋጠመው፥ ገንዘቡንም ድካሙንም ያጣል፤ ነጋዴውም ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ የዚህን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ለአስመጪውም ለባለ ሱቁም ጥቅም አለው።

ከዚህ በታች «ስፒከር» የተባለው ያለ ሣጥን የሚሸጠው ክፍል ሲሆን፥ «ድምፅ ማጉያ» የተባለው ደግሞ ስፒከሩ ከነሣጥኑ ተሟልቶ ነው። ዓመታቱም የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የሥራው አመጣጥ

ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው የስፒከር ዓይነት የተመሠረተው፥ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ በ1925 ዓ.ም. በአሜሪካ ባቀረቡት አሠራር ላይ ነው። በማግኔት መካከል የተንጠለጠለው የሽቦ ጥምጥም ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከጥምጥሙ ጋር የተያያዘው ሾጣጣ ገጽ፥ ማለትም ኮኑ፥ አየሩን እየገፋና እየሳበ ድምፅ ይፈጥራል። ነገር ግን ኮኑ ከፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ ከኋላው ያለውን ይስባል። ሁለቱ በስፒከሩ ጠርዝ ዞረው ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋው፥ ያለ ሣጥን የሚጫወት ስፒከር ወፍራም ድምፅ አይኖረውም። ከዚህ የተነሣ ሣጥኑ የመሣሪያው ግማሽ አካል እንጂ ጌጥ አይደለም።

የሣጥኑም ዓይነት ልዩ ልዩ ነው። በ1932 ዓ.ም. የቤል ላቦራቶሪው አልበርት ቱራስ፥ የኮኑ የኋላ ድምፅ በልክ በተሠራ ቀዳዳ ወጥቶ የፊቱን እንዲያግዝ የሚያደርግ ሣጥን በፈጠራ መብት አስመዘገበ። በእንግሊዝ አገር የዋርፍዴል ፋብሪካ መሥራች ጊልበርት ብሪግስ በ1948 ዓ.ም. ስለ ድምፅ ማጉያ ለተራው ሰው የሚገባ መጽሐፍ አሳተመ፤ የሣጥኑ ግድግዳ እንዳይንቀጠቀጥ በሁለት ሳንቃዎች መካከል አሸዋ መሙላትንም አስተማረ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር፥ በጥብቅ የተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር ራሱ ለኮኑ እንደ ሞላ ሆኖ እንዲያገለግል አደረገ። በዚህም ምክንያት ቀድሞ ቁም ሣጥን ያኽል የነበረው ዕቃ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. የስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ ቀርቦ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ድምፅ ማጉያ ሲያስፈልገው፥ የሣጥኑ ማነስ ትልቅ ጥቅም ሰጠ።

እስከዚያ ዘመን ድረስ የሣጥኑን ልክ ለማግኘት ብዙ ሙከራ ያስፈልግ ነበር። ይህን ሥራ ወደ ሒሳብ የለወጡት፥ በ1961 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ጥናቱን ያሳተመው ኔቪል ቲልና በ1972 እና በ1973 ዓ.ም. ጥናቱን ያስፋፋው ሪቻርድ ስሞል ናቸው። በስማቸው የሚጠሩት መለኪያዎች ዛሬ ከታወቀ ፋብሪካ በሚወጣ የስፒከር መግለጫ ወረቀት ላይ ሁሉ ታትመው ይገኛሉ።

ቍጥሮቹ የሚናገሩት

ከመለኪያዎቹ ውስጥ ሦስቱ ለሣጥን ሠሪው ዋናዎች ናቸው። «ኤፍ ኤስ» የተባለው ስፒከሩ ያለ ሣጥን በተፈጥሮው የሚንቀጠቀጥበት የድምፅ ልክ ሲሆን በኸርዝ ይነገራል። «ኪው ቲ ኤስ» የኮኑ እንቅስቃሴ ምን ያኽል እንደሚገታ ያመለክታል። «ቪ ኤ ኤስ» ደግሞ የኮኑን መለጠጥ የሚተካከለውን የአየር መጠን በሊትር ይገልጻል።

ለምሳሌ ኤፍ ኤስ 40 ኸርዝ፥ ኪው ቲ ኤስ 0.40፥ ቪ ኤ ኤስ 20 ሊትር የሆነ ስፒከር ቢኖር፥ በተዘጋ ሣጥን የተስተካከለ ድምፅ እንዲሰጥ የሚፈለገው ልክ 0.707 ነው። 0.707 ለ0.40 ሲካፈል 1.77 ይሆናል፤ ይህ በራሱ ሲባዛ 3.12 ነው፤ 1 ሲቀነስለት 2.12 ይቀራል፤ 20 ሊትር ለ2.12 ሲካፈል 9.4 ሊትር ይወጣል። የሣጥኑ የውስጥ አየር ይህን ያኽል ከሆነ፥ ድምፁ እስከ 71 ኸርዝ ድረስ ጸንቶ ከዚያ በታች ቀስ እያለ ይቀንሳል።

ያው ስፒከር «ትንሽ ሣጥን ያምራል» ተብሎ በ3 ሊትር ሣጥን ውስጥ ቢገባ ግን፥ ልኩ ወደ 1.1 ከፍ ይላል፤ በሣጥኑ ውስጥ የሚንቀጠቀጥበትም የድምፅ ልክ ወደ 111 ኸርዝ ገደማ ይወጣል፤ ከዚያም በላይ 2 ዴሲቤል ያኽል ጕብታ ይፈጠራል። ደንበኛው «ወፍራሙ ድምፅ ይጮኻል እንጂ አይወርድም» ብሎ ስፒከሩን የሚመልሰው በዚህ ጊዜ ነው። ስፒከሩ ምንም ጕድለት የለበትም፤ ጕድለቱ ያለ መግለጫ ወረቀት መሸጡ ነው።

የሣጥኑ ሥራ

ከላይ ለተጠቀሰው ስፒከር፥ በውስጥ ወርዱ 18፥ ጥልቀቱ 20፥ ቁመቱ 28 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 10 ሊትር ያኽል ይይዛል። ከ9.4 ሊትር በላይ ያለው ትርፍ፥ ስፒከሩ ራሱና የውስጥ ማጠናከሪያው እንጨት ለሚይዙት ቦታ ነው። አናጢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የውጭውን ልክ እንደ ውስጥ ልክ በመቍጠር ነው። ሳንቃው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፥ በየአቅጣጫው 3.6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይመጣል።

ለሥራው ኤም ዲ ኤፍ ወይም ጥሩ ኮምፔርሳቶ የሚመረጠው፥ ልኩ በእርጥበትና በድርቀት እንደ ጥሬ ሳንቃ ስለማይለዋወጥ ነው። ጥሬ ሳንቃ በጊዜ ብዛት ሲሰነጠቅ አየር ያስወጣል፤ የተዘጋ ሣጥን ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ቢኖረው ከሥርዓቱ ይወጣል። ስለዚህ መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ መሞላት አለበት፤ ስፒከሩ የሚያርፍበትም ጠርዝ ስስ ስፖንጅ ይደረግበታል። በሣጥኑ ውስጥ የሚበተነው የበግ ጠጕር ወይም የፖሊስተር ጥጥ፥ በግድግዳዎቹ መካከል የሚመላለሰውን ድምፅ ያበርዳል።

ድምፁን የሚከፋፍለው ክፍል

አንድ ስፒከር ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ እኩል አድርጎ ስለማይሰጥ፥ ብዙ ጊዜ ትልቁ ስፒከር ዉፈርና ትንሹ ትዊተር በአንድ ሣጥን ይገጠማሉ። ለየድርሻቸው የሚያካፍላቸው ክሮስኦቨር ይባላል። ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ያሳልፋል፤ የሽቦ ጥምጥም ወፍራሙን ያሳልፋል። በ3,000 ኸርዝ ላይ ለመከፋፈል፥ ለ8 ኦም ስፒከር ቀላሉ ሒሳብ 6.6 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተርና 0.42 ሚሊ ሄንሪ ጥምጥም ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ይህ ሒሳብ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በስፒከር ላይ የተጻፈው 8 ኦም ስያሜ ነው፤ እውነተኛው ልክ ድምፁ በቀጠነና በወፈረ ቍጥር ይለዋወጣል። ስለዚህ ጥሩ ክሮስኦቨር የሚሠራው በመለካት ነው። ዛሬ ይህ ሥራ ለግለሰብም አይከብድም፤ ልኩ የታወቀ ማይክሮፎን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፥ ያለ ዋጋ በሚገኝ ፕሮግራም ውጤቱን መመልከት ይቻላል። መለካት ለማይችል ጀማሪ ግን፥ ተሞክሮ የተረጋገጠ ንድፍ ሳይለውጡ መከተል ይሻላል።

ለባለ ሱቁ

ብዙ ገዢ «ዋቱ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዋት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለውን ኃይል ያመለክታል እንጂ የድምፁን ከፍታ አይናገርም። የከፍታውን ነገር የሚናገረው፥ በ1 ዋት ከ1 ሜትር ርቀት የሚለካው የዴሲቤል ልክ ነው። 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 87 ዴሲቤል ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመሰማት የሚያስፈልገው ኃይል ግማሹ ብቻ ነው። ይህን የሚያስረዳ ሻጭ፥ ደንበኛውን ከማያስፈልግ የአምፕሊፋየር ወጪ ያድነዋል።

ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ ጠቅላላው 4 ኦም ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩ 4 ኦም የማይችል ከሆነ ሊሞቅና ሊበላሽ ይችላል። ከሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሽቦ ቢገለበጥም ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። «ተበላሽቷል» ተብሎ የተመለሰ ዕቃ ሁሉ ከመተካቱ በፊት፥ የሽቦው አያያዝና የሣጥኑ ልክ ቢጠየቅ ብዙ ኪሣራ ይቀራል።

ለአስመጪው

የተሟላ ድምፅ ማጉያ ማስመጣት ባመዛኙ የታሸገ አየር ማስመጣት ነው። ሙሉ ኮንቴይነር የማይሞላ የባሕር ጭነት ኪራይ፥ ከቶንና ከኪዩቢክ ሜትር በሚበልጠው ይታሰባል። ከላይ የተገለጸው ሣጥን ተሟልቶ፥ ወርዱ 30፥ ጥልቀቱ 32፥ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ቢታሸግ፥ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር የሚገባው 26 ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ዉፈር፥ ትዊተርና ክሮስኦቨር ግን በ7 ሊትር ቦታ ቢታሸጉ፥ በዚያው ስፍራ 140 ያኽል ይገባል። በአንድ ኪራይ ከአምስት እጥፍ በላይ ዕቃ ይመጣል፤ የእንጨቱም ሥራ ለአገር ውስጥ አናጢ ይተርፋል።

በጉምሩክ ረገድ ዕቃዎቹ በአንድ ርእስ፥ በ8518፥ ሥር ቢሆኑም ንዑስ ቍጥራቸው ይለያያል፤ በሣጥን የተገጠመ ነጠላ ስፒከር 8518.21፥ በአንድ ሣጥን ብዙ ስፒከር ያለበት 8518.22፥ ያለ ሣጥን የሚመጣው 8518.29 ነው። በፋክቱር ላይ የዕቃው ስም ከዚህ ጋር ተስማምቶ ካልተጻፈ፥ ክርክርና መዘግየት ይመጣል። ከፋብሪካዎቹ መካከል የኖርዌዩ ሲያስ፥ የዴንማርኩ ስካን ስፒክና በኢንዶኔዥያ የሚሠራው ኤስ ቢ አኩስቲክስ በሣጥን ሠሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። የማንኛውም ፋብሪካ ዕቃ ቢታዘዝ፥ የመግለጫ ወረቀቱ አብሮ እንዲላክና ስፒከሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲመጡ በትእዛዙ ላይ መጻፍ ይገባል።

ለደንበኛው ሊነገር የሚገባው

በቤት የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ከሁሉ ርካሽ ከሆነው የፋብሪካ ዕቃ በዋጋ አያንስም፤ ጥቅሙ የሚታየው ከፍ ካለው ደረጃ ጋር ሲነጻጸር ነው። የታወቀ ስም የሌለበት በመሆኑም፥ ባለቤቱ ሊሸጠው ቢፈልግ ያወጣበትን ዋጋ አያገኝበትም። ይህን አስቀድሞ የሚናገር ነጋዴ አንድ ሽያጭ ሊያመልጠው ይችላል፤ የሚቀርለት ደንበኛ ግን ሣጥኑን በልኩ አሠርቶ፥ ድምፁን ሰምቶ፥ ጓደኛውን ይዞ የሚመለስ ነው።