ስታቲክ ኤሌክትሪክ ለምን ይነዝረናል? የቻርጅ መከማቸትና መፍሰስ ሚዛን

መግቢያ

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች የሚኖር ሰው የመኪና በር ሲከፍት፣ የብረት እጀታ ሲይዝ ወይም ከሌላ ሰው ጋር ሲጨባበጥ ጣቱን በድንገት የሚቆነጥጥ ንዝረት ያጋጥመዋል። ማታ ሰው ሠራሽ ጭረት ያለበትን ሹራብ ሲያወልቅ የመንጣጣት ድምፅ ይሰማል፤ ክፍሉ ጨለማ ከሆነም ጥቃቅን ብልጭታዎች ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ንዝረቱ የሚሳበበው በተነካው ዕቃ ላይ ነው። «መኪናው ኤሌክትሪክ አለው»፣ «በሩ ይነዝራል» ይባላል።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ነጥቦችን ለማስረዳት ይሞክራል። አንደኛ፣ በአብዛኛው ቻርጁን ተሸክሞ የሚመጣው የተነካው ዕቃ ሳይሆን የነካው ሰው አካል ነው። ሁለተኛ፣ ንዝረት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ቻርጅ መፈጠሩ ብቻ ሳይሆን በሚፈጠርበትና በሚፈስበት ፍጥነት መካከል ያለው ሚዛን ነው። ሦስተኛ፣ የሚሰማን ንዝረት ከጠቅላላው ክስተት ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ከጉዳት አንጻር ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ምንም ሳይሰማን የሚያልፈው ብልጭታ ነው።

ቻርጅ እንዴት ይፈጠራል?

ሁለት የተለያዩ ቁሶች ሲነካኩ በገጻቸው ላይ ጥቂት ቻርጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሲለያዩ ደግሞ የተላለፈው ቻርጅ በሙሉ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ መፋተግ የግድ አስፈላጊ አይደለም። መፋተግ የሚያደርገው በትክክል የሚነካካውን ስፋት ማሳደግና መነካካቱን መደጋገም ነው። መሠረታዊው ሂደት መነካካትና መለያየት ነው።

ክስተቱ ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። የሚሊጢኑ ታለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት፣ ዓምበር የተባለው የደረቀ የዛፍ ሙጫ ሲታሽ ቀላል ነገሮችን እንደሚስብ እንዳስተዋለ ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1600 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጊልበርት ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸውን ሌሎች ቁሶች በዝርዝር አጠና። «ኤሌክትሪክ» የሚለው ስያሜም የመጣው ዓምበር በግሪክኛ ከሚጠራበት ቃል ነው።

ቁሶች ቻርጅ በመስጠትና በመቀበል ዝንባሌያቸው በተርታ ሊቀመጡ ይችላሉ። የሰው ፀጉር፣ ናይለንና ሱፍ አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ጥጥ ወደ መካከል ይጠጋል፤ ፖሊስተር፣ ፖሊኤቲሊን፣ ፒቪሲና ቴፍሎን ወደ ኔጌቲቩ ጫፍ ይገኛሉ። በተርታው ላይ የተራራቁ ቁሶች ሲነካኩ የሚለያየው ቻርጅ በአመዛኙ የበለጠ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ተርታ እንደ ቋሚ ሕግ ሊወሰድ አይገባም፤ የገጽ ንጽሕና፣ እርጥበትና ሸካራነት ቅደም ተከተሉን ይለውጡታል። የሚተላለፈው ኤሌክትሮን ነው፣ አዮን ነው ወይስ ጥቃቅን የቁሱ ስባሪ የሚለው ጥያቄም ዛሬ ድረስ የምርምር ርእስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የተነካካ ገጽ አንድ ወጥ ቻርጅ የሚይዝ ሳይሆን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ነጠብጣቦች የተቀላቀሉበት መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሸካራ ገጾች ሲጫኑ በጥቃቅን ጉብታዎቻቸው ላይ የሚደርሰው መጣመም ቻርጁን የሚያንቀሳቅስ ቮልቴጅ ሊፈጥር እንደሚችል በስሌት አመልክተዋል።

የሰው አካል እንደ ካፓሲተር

የሰው አካል ውስጡ ጨዋማ ውኃ ስለሆነ ጥሩ የኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ ሲያደርግ ግን ከመሬት ይነጠላል፤ በዚህ ጊዜ አካሉ አንዱ የካፓሲተር ሰሌዳ፣ መሬቱና አካባቢው ደግሞ ሌላው ሰሌዳ ይሆናሉ። የዚህ ካፓሲተር መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ፒኮ ፋራድ ይገመታል። ለሚከተሉት ስሌቶች 150 ፒኮ ፋራድን እንውሰድ።

አንድ ሰው በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ሲራመድ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ መነካካትና አንድ መለያየት ነው። ቮልቴጁ 10 ኪሎ ቮልት ቢደርስ በአካሉ ላይ የሚገኘው ቻርጅ 1.5 ማይክሮ ኩሎም፣ የተከማቸው ኃይል ደግሞ 7.5 ሚሊ ጁል ይሆናል። ይህ ኃይል አንድ ግራም የሚመዝን ነገርን ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ ከሚያስፈልገው ጋር ተቀራራቢ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሕይወት የማያጠፋበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ቮልቴጁ ከፍተኛ ቢሆንም ከጀርባው ያለው ቻርጅ እጅግ ጥቂት ነው። ጣት ወደ ብረት ሲቀርብ አየሩ ለቅጽበት አስተላላፊ ይሆናል፤ ቻርጁም ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አልፎ ያልቃል። በዚያች ቅጽበት የሚያልፈው ከረንት ጥቂት አምፒር ሊደርስ ይችላል። የሚያመውም በጣት ጫፍ ላይ ባለች አነስተኛ ነጥብ በኩል ስለሚያልፍ ነው። ቁልፍ ወይም ሳንቲም ጨብጠን ብረቱን በእርሱ ብንነካ ብልጭታው ከቁልፉ ጫፍ ላይ ይነሣል፤ በቆዳችን ላይ ያለው ከረንት ግን ሰፋ ባለ ቦታ ስለሚሰራጭ ሕመሙ ይቀንሳል።

ከመኪና ሲወርዱ የሚያጋጥመው ንዝረትም በዚሁ ይብራራል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ በልብሱና በመቀመጫው ላይ ያሉት ተቃራኒ ቻርጆች ተቀራርበው ስለሚገኙ ቮልቴጁ ዝቅተኛ ነው። ብድግ ሲል ቻርጆቹ ይራራቃሉ፤ ካፓሲተሩ ይቀንሳል፤ የቻርጁ መጠን ሳይለወጥ ቮልቴጁ በፍጥነት ያሻቅባል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የበሩን የብረት ክፈፍ ይዞ፣ ሳይለቁ መውረድ ንዝረቱን ያስቀራል፤ ቻርጁ ሳይጠራቀም በእጅ በኩል ቀስ ብሎ ይፈሳልና።

ለምን በበጋ?

የዚህ ጽሑፍ ማዕከላዊ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ቻርጅ በክረምትም ይፈጠራል፤ ልዩነቱ በሚፈስበት ፍጥነት ላይ ነው። አካላችን ላይ ያለው ቻርጅ ለመፍሰስ የሚፈጅበት ጊዜ በካፓሲተሩ መጠንና ከመሬት ጋር በሚያገናኘን መንገድ ሬዚስታንስ ብዜት ይወሰናል። የጫማውና የወለሉ ሬዚስታንስ 1 ጊጋ ኦም ቢሆን ይህ ጊዜ 0.15 ሰከንድ ነው፤ ከአንድ እርምጃ ያነሰ ስለሆነ ቻርጁ የሚቀጥለውን እርምጃ ሳይጠብቅ ይፈሳል። ሬዚስታንሱ አንድ ሺህ ጊዜ ቢያድግ ግን ጊዜው 150 ሰከንድ ይሆናል፤ በየእርምጃው የሚፈጠረው በቀደመው ላይ ይደመራል። በሌላ አገላለጽ፣ መራመድ በአማካይ 10 ናኖ አምፒር ያህል ቻርጅ የሚያመነጭ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሁኔታ የሚደረሰው ቮልቴጅ 10 ቮልት ብቻ ሲሆን፣ በሁለተኛው ግን እስከ 10 ኪሎ ቮልት ሊያድግ ይችላል። የቻርጁ ምንጭ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መውጫው ነው።

እርጥበት የሚሠራውም በዚህ መውጫ ላይ ነው። ብዙዎች እንደሚያስቡት እርጥብ አየር ራሱ ኤሌክትሪክ በጉልህ አያስተላልፍም። እርጥበቱ የሚረዳው በጨርቅ፣ በወለልና በጫማ ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የውኃ ንጣፍ በማኖር ነው፤ ቻርጁ የሚፈሰው በዚህ ንጣፍ ላይ ነው። አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን ንዝረት ብርቅ ይሆናል፤ ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ ይደጋገማል። ጥጥ ውኃ ስለሚይዝ የጥጥ ጋቢ የለበሰ ሰው በፖሊስተር ብርድ ልብስ ከተጠቀለለው ያነሰ ይነዘራል። ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ሰሜን አሜሪካ የሄዱ ተማሪዎች በብርዱ ወራት የሚገጥማቸውም ተመሳሳይ ነው። በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ የጠገበ አየር ወደ ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 26 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

የቦታ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በባሕር ወለል ላይ አየርን ሰብሮ ለማለፍ በአንድ ሚሊ ሜትር ወደ 3 ኪሎ ቮልት ያስፈልጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ቮልቴጅም በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል። በመሆኑም በእኩል ቮልቴጅ ብልጭታው ከትንሽ ራቅ ካለ ቦታ ይዘላል። ይህ ግን ብልጭታውን የበለጠ ኃይለኛ አያደርገውም፤ ኃይሉን የሚወስኑት ካፓሲተሩና ቮልቴጁ ናቸው።

የማይሰማው ብልጭታ

አብዛኛው ሰው ንዝረት የሚሰማው ቮልቴጁ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቮልት ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ያለው ምንም ሳይታወቅ ያልፋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር በተስማሚ መጠን ሲቀላቀል ለመቀጣጠል ወደ 0.25 ሚሊ ጁል ያህል ይበቃዋል። በ150 ፒኮ ፋራድ ይህን ኃይል ለማከማቸት የሚያስፈልገው 1.8 ኪሎ ቮልት ገደማ ነው። እርግጥ ከኃይሉ ከፊሉ በቆዳ ሬዚስታንስ ውስጥ ስለሚጠፋ በተግባር የሚያስፈልገው ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። ያም ሆኖ ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው «ካልነዘረኝ አደጋ የለም» የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የሌለው መሆኑን ያሳያል። ከዚህ የተነሣ ነዳጅ በሚቀዳበት ጊዜ ወደ መኪና ገብቶ መውጣት አይመከርም። ጄሪካን ሲሞላም በፒክ አፕ ጭነት ማስቀመጫ ላይ በተነጠፈ ፕላስቲክ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የመቅጃው አፍ ከጄሪካኑ አፍ ሳይለያይ ሊሞላ ይገባል።

በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ ክፍተቱ ይበልጥ ይሰፋል። አንዳንድ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ከ100 ቮልት ባነሰ የስታቲክ ፍሳሽ ሊበላሹ ይችላሉ፤ ይህም ሰው ሊሰማው ከሚችለው ከ20 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ክፍሉ ተዳክሞ ከሳምንታት በኋላ ሥራ ያቆማል። ሞባይልና ኮምፒዩተር የሚጠግኑ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተማሪዎች «ሳይነካ የተበላሸ» የሚሉት ዕቃ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የእጅ አንጓ ማሰሪያ ነው። በማሰሪያው ገመድ ላይ ያለው 1 ሜጋ ኦም ሬዚስታንስ ቻርጁን ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያፈሳል፤ ባለሙያው በስሕተት የ220 ቮልት መስመር ቢነካም በማሰሪያው በኩል የሚያልፈውን ከረንት በ0.22 ሚሊ አምፒር ይገድበዋል። ማሰሪያው የሚታሰርበት የመሬት መስመር፣ በተለምዶ «ኧርዝ» የሚባለው፣ በትክክል የሚሠራ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

ስታቲክ ያልሆነውን መለየት

ንዝረትን ሁሉ «የበጋ ነገር ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው። የስታቲክ ንዝረት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከሰት ነው፤ ቻርጁ ስላለቀ ወዲያው ደግመን ብንነካ ምንም አይሰማንም። የማቀዝቀዣ፣ የውኃ ማሞቂያ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ አካል በተነካ ቁጥር የሚነዝር፣ ወይም እጅ እስካልተነሣ ድረስ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ግን ምንጩ ስታቲክ ሳይሆን ከመስመሩ ሾልኮ የወጣ ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ከረንት እንደ ስታቲኩ በቅጽበት አያልቅም፤ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለ ዕቃ መስመሩ ከቆጣሪው ተቋርጦ በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ለማረጋገጥ ሲባልም ደጋግሞ መንካት አይገባም።

ማጠቃለያ

ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን በየዕለቱ በመነካካትና በመለያየት የሚፈጠረው ቻርጅ ከሚፈስበት በበለጠ ፍጥነት ሲጠራቀም ነው። መከላከያዎቹም በሁለት ይከፈላሉ፤ ጥጥ መልበስና ሰው ሠራሽ ምንጣፍን መቀነስ የመጀመሪያውን፣ የክፍሉን እርጥበት መጠበቅ፣ የቆዳ ሶል ያለው ጫማ ማድረግና ከመሬት ጋር መያያዝ ሁለተኛውን ይመለከታሉ። በአብዛኛው ይበልጥ የሚያስተማምነው ሁለተኛው ነው፤ ቻርጅ እንዳይፈጠር ማድረግ አስቸጋሪ ሲሆን መውጫ መስጠት ግን ቀላል ነው። በአገራችን የደጋ ከተሞች የቤተ ሙከራና የጥገና ክፍሎችን የሚያደራጁ ሰዎች ሥራቸውን ከጣታቸው ስሜት ሳይሆን ከሁለት ቀላል ልኬቶች፣ ማለትም ከክፍሉ እርጥበትና ከወለሉ ሬዚስታንስ፣ ቢጀምሩ ብዙ ኪሳራን ማስቀረት ይችላሉ።