ስሙ አንድ፣ መኪናው ሌላ

ከጅግጅጋ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚያልፍ መንገደኛ ቶሎ የሚያስተውለው ነገር አለ። መኪኖቹ እንደ እኛው አገር የመንገዱን ቀኝ ይዘው ይሄዳሉ፤ የብዙዎቹ መሪ ግን ያለው በቀኝ በኩል ነው። መኪኖቹ ለጃፓን ገበያ ተሠርተው እዚያው ያገለገሉ ናቸው። በጃፓን የሚነዳው ግራ ተይዞ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም.፣ ሶማሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ወደ ቀኝ ዞረዋል።

ልዩነቱ በመሪ ብቻ አያበቃም። የጃፓን ፋብሪካዎች አንዱን ሞዴል ለየገበያው ለያይተው ያመርታሉ። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣት የስፖርት መኪና ጥሩ ምሳሌ ናት። በአገሯ ፌርሌዲ ዜድ ተብላ በዋነኛነት በ2.0 ሊትር ሞተር ስትሸጥ፣ አሜሪካ የገባችው ዳትሰን 240 ዜድ ተብላ በ2.4 ሊትር ሞተር ነበር። ምክንያቱ ጃፓን በወቅቱ ከ2.0 ሊትር በላይ በሆኑ መኪኖች ላይ ትጥለው የነበረው ከፍተኛ ግብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈችው 240 ዜድ ናት።

በእኛ ዘንድ ተመሳሳይ ታሪክ ያላት ቪትዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ስትቀርብ በጃፓን ቪትዝ፣ በአውሮፓ ያሪስ፣ በአውስትራሊያ ኤኮ ተባለች። አዲስ አበባ ላይ ግን ያሪስ የሚል ጽሑፍ ያለባትንም «ቪትዝ» እንላታለን። የአውሮፓዋ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በፈረንሳይም የተመረተች ሲሆን፣ ባለ 1.4 ሊትር ናፍጣ ሞተር አማራጭም ነበራት። ስለዚህ መለዋወጫ ሲገዙ «የቪትዝ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም።

የመሪው ነገር ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ባለ ቀኝ መሪ አሽከርካሪ ከፊቱ ያለውን አይሱዙ ለመቅደም ሲሞክር፣ ከአቅጣጫው የሚመጣውን ለማየት አስቀድሞ መኪናውን ወደ ግራ ማውጣት ይኖርበታል። የጃፓን መኪና የፊት መብራትም ወደ ግራ ጠርዝ እንዲያዘነብል ስለተሠራ፣ በእኛ መንገድ ላይ የተቃራኒውን አሽከርካሪ ዓይን ያጠቃል። ለጃፓን የተሠራ ሚኒባስ ተንሸራታች በሩ በግራ በመሆኑ ተሳፋሪውን የሚያወርደው መሐል አስፋልት ላይ ነው። መሪው በጋራዥ ወደ ግራ ቢዛወር እንኳ መብራቱና በሩ እንደነበሩ ሊቀሩ ይችላሉ።

ታዲያ ገዢው በምን ይለያል? ቀላሉ ምልክት ሬዲዮው ነው። የቆዩ የጃፓን ሬዲዮዖች የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ፋና 98.1ንም ሆነ ሸገር 102.1ን አያገኙም። ሬዲዮ ግን ይቀየራል፤ አስተማማኙ የሻንሲ ቁጥር ነው። ለውጭ ገበያ የተሠራ ዘመናዊ መኪና ባለ 17 ፊደልና አኃዝ መለያ ሲኖረው፣ ለጃፓን የተሠራው አጠር ያለ የራሱ ቁጥር አለው።

የአየር ጠባይም ይታሰብበት። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ መኪኖች የማቀዝቀዣ ሥርዓታቸው ጠንከር ያለ በመሆኑ እንደ ኤረር ላለ ቆላ ይስማማሉ። በአንጻሩ ከአውሮፓ የሚመጣ አሮጌ መኪና በክረምት መንገድ ላይ በሚነሰነሰው ጨው ምክንያት ሥሩ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ መኪኖች ላይ የማስገቢያ እገዳ ከተጣለ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖችም የቻርጅ መሰኪያቸው ከአውሮፓዎቹ ይለያል። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት የመኪናው ስም ብቻ ሳይሆን ለየት አገር መንገድ እንደተሠራም ጭምር ነው።