አምራችና ሸማች በአሪና በደቡብ ኦሞ

ልጆች፣ ዛሬ ጠዋት የበላችሁት ቂጣ ከየት መጣ? በቆሎውን የዘራ ገበሬ አለ፤ ያስፈጨ አለ፤ የጋገረ አለ። በመጨረሻ የበላችሁት እናንተ ናችሁ። ሰው የሚፈልገውን ነገር የሚያበቅል ወይም የሚሠራ አምራች ይባላል። ገዝቶ የሚጠቀምበት ደግሞ ሸማች ነው። በአሪና በደቡብ ኦሞ ዞኖች ማን ምን ያመርታል?

በጂንካ ዙሪያ ባለው ደጋ የአሪ ገበሬዎች እንሰት፣ በቆሎና ቡና ያለማሉ። እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዎች ማሰሮና ምጣድ፣ ቀጥቃጮች ማረሻና ቢላዋ ይሠራሉ። ወደ ቆላው ስትወርዱ የሐመርና የበና ሰዎች ከብትና ፍየል ያረባሉ፤ ማሽላ ይዘራሉ፤ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር ይቆርጣሉ። ኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ ደግሞ ዳሰነቾች አሉ። እነሱ ቀድሞ ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው እርጥብ መሬት ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ዓሣም ያጠምዳሉ።

ይህ ሁሉ ምርት የሚገናኘው ገበያ ላይ ነው። የቱርሚ ገበያ ሰኞ፣ የቀይ አፈር ከተማ ሐሙስ፣ የጂንካና የዲመካ ቅዳሜ ይቆማል።

አንዲት የሐመር እናት የናጠችውን ቅቤ ይዛ ዲመካ ገበያ ወጣች እንበል። ቅቤውን ስትሸጥ አምራች ናት። በገንዘቡ ጨውና የቡና ገለባ ስትገዛ ግን ሸማች ሆነች። ገለባውን እቤቷ አፍልታ ለቤተሰቧና ለእንግዳ በቅል ትቀዳዋለች። ያስቀረችውን ቅቤ ከቀይ አፈር ጋር ለውሳ ጸጉሯን ትቀባለች። ያመረተችውም የተጠቀመችበትም እሷው ናት ማለት ነው።

አንዳንድ ነገር ከሩቅ ይመጣል። ለምሳሌ ጨው ከአፋር በመኪና ተጭኖ ይደርሳል። ከአምራቹ ገዝቶ ለሸማቹ የሚያደርሰው ነጋዴ ነው። መምህር፣ ነርስና ሾፌርስ? እነሱ የሚሸጥ ዕቃ አይሠሩም፤ ያስተምራሉ፣ ያክማሉ፣ ያጓጉዛሉ። ይህ አገልግሎት ይባላል። በሚከፈላቸው ደመወዝ እነሱም ከገበሬው ይሸምታሉ።

የሚያስፈልገውን ሁሉ ብቻውን የሚያመርት ሰው የለም። ማታ እራት ስትበሉ ከቀረበላችሁ ምግብ አንዱን ምረጡና ማን እንዳመረተው፣ ማን እንዳመጣው ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ።