ያለ ዋጋ የሚጐበኙ የግሪኒች ቤተ መዘክሮችና ታሪካዊ ሕንፃዎች

ከሎንዶን በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር፥ ግሪኒች የሚባለው ሠፈር ይገኛል። በ1997 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከዓለም ቅርሶች መካከል የተመዘገበው ይህ ሥፍራ አብዛኛው ክፍሉ ያለ ዋጋ ይታያል። ይሁን እንጂ የትኛው ደጅ በነጻ፥ የትኛው በክፍያ እንደሚከፈት ሲመረመር፥ ቅርሱ በእውነት የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

የሠፈሩን መልክ የወሰነው ወንዙ ነው። ኢኒጎ ጆንስ የተባለው የሕንፃ ሊቅ በ1616 ለንግሥት አን የጀመረው ቤት፥ ንግሥቲቱ በ1619 ስለ ሞተች ተቋርጦ፥ ኋላ ለንግሥት ሄንሪዬታ ማሪያ ተፈጸመ። ዛሬ በነጻ ይጐበኛል። በዘመኑ መጨረሻ ንግሥት ሜሪ በወንዙ ዳር ለመርከበኞች መጦሪያ እንዲሠራ ባሰበች ጊዜ፥ ከዚህ ቤት ወደ ወንዙ የሚታየው እይታ እንዳይጋረድ አጥብቃ ስለ ጠየቀች፥ ክሪስቶፈር ሬን ሕንፃውን ከሁለት ከፍሎ መካከሉን ክፍት ተወው። ይህን በሚገባ ለመረዳት በ1902 ከወንዙ ሥር በተከፈተው የእግረኛ መተላለፊያ ተሻግሮ ከሰሜኑ ዳር መመልከት ይሻላል፤ ለመሻገሪያውም የሚከፈል ዋጋ የለም።

በ1694 የተመሠረተው ይህ ተቋም ሆስፒታል ይባል እንጂ ዋና ሥራው በባሕር ላይ ያረጁትንና አካላቸው የጐደለውን መጦር ነበር። ጄምስ ቶርንሂል ከ1707 እስከ 1726 የመመገቢያ አዳራሹን ግድግዳና ጣራ በሥዕል ሸፈነው። ነገር ግን አዳራሹ ሲፈጸም ለዕለት ምግብ እጅግ የከበረ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ጡረተኞቹ ከሥሩ ባለው ምድር ቤት ይመገቡ ጀመር። ሊበሉበት በታሰበው አዳራሽ እነርሱ ከጐብኚዎች ጥቂት ሳንቲም እየተቀበሉ አስጐብኚዎች ሆኑ! በ1824 አዳራሹ የባሕር ኃይል ሥዕሎች ማሳያ ሆነ። መጦሪያው በ1869 ከተዘጋ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ሥዕሎቹ በ1934 በሕግ ተቋቁሞ በ1937 ወደ ተከፈተው ብሔራዊ የባሕር ቤተ መዘክር ተዛወሩ።

ይህ ቤተ መዘክር ቀድሞ የመግቢያ ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ የብሪታንያ መንግሥት የብሔራዊ ቤተ መዘክሮችን መግቢያ ነጻ ባደረገበት በ2001 መጨረሻ ግን ደጁ ለሁሉ ተከፈተ። በበጎ አድራጎት ድርጅት የሚጠበቀው ባለ ሥዕሉ አዳራሽ ግን ዛሬም ያስከፍላል፤ ስለዚህ ሥዕሎቹ በነጻ፥ የነበሩበት አዳራሽ በዋጋ ይታያሉ። በቤተ መዘክሩ ውስጥ ኔልሰን በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት የለበሰው፥ በግራ ትከሻው ላይ ጥይት የበሳው ካፖርት ይገኛል። በ2007 ደግሞ ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ የሚናገር ክፍል ተከፈተ። ከድሉ ጐን የሰው ሽያጭ መታየቱ ተገቢ ነው፤ ሀብቱንም ሆነ በደሉን የተሸከሙት እነዚያው መርከቦች ነበሩና።

በኰረብታው ላይ በ1675 የተመሠረተው የከዋክብት መመልከቻ በክፍያ የሚገባበት ነው። ሆኖም በ1884 በዋሽንግቶን ጉባኤ የዓለም ኬንትሮስ መነሻ እንዲሆን የተመረጠው መስመር ከግቢው ውጭ ባለው ግድግዳ ላይም ምልክት ስላለው፥ መንገደኛ ሁሉ ሊያየው ይችላል። በጣራው ላይ ያለው ቀይ ኳስም ከ1833 ጀምሮ ከቀኑ በ13 ሰዓት፥ በኢትዮጵያ አነጋገር በ7 ሰዓት፥ ከምሰሶው ላይ እንዲወርድ ተደርጓል። በወንዙ ላይ የቆሙ መርከበኞች ይህን አይተው ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር፤ ለዚህም ከፍለው አያውቁም።