ከላስታ ደጋ እስከ ጅቡቲ ወደብ፦ የእንግዳ ረመዷን

ላሊበላና ጅቡቲ በካርታ ላይ ሲታዩ በአንድ መስመር የተቀመጡ ያህል ናቸው። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ። ስለዚህ የጾሙ ቀን ርዝመት በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጅቡቲ ወደ ምሥራቅ በመሆኗ ግን ፀሐይ እዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። የላስታ እናት የመግሪብን አዛን ስትጠባበቅ፣ ጅቡቲ ያለው ልጇ ቴምሩን ቀምሶ ውሃውን ጠጥቷል።

ልጅና እናትን የሚለያያቸው እንግዲህ ሰዓቱ አይደለም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በረመዷን ሌሊት ለሱሁር የሚነሳ ሰው ጋቢውን ይደርባል። ጅቡቲ ከባሕሩ አፍ ላይ የተቀመጠች ናት፤ በበጋዋ ወራት ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። ቋንቋው ሌላ፣ ገንዘቡ ሌላ፣ የጎረቤቱ ፊት ሌላ ነው። በዚህ የረመዷን ገጽ የምናነሳው በዚያች ወደብ ስለሚኖሩ ወገኖቻችን የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው።

ፈረንሳዮች የቆረቆሯት ከተማ

ኢትዮጵያዊ «የፈረንሳዮች የባሕር ከተማ» ሲባል በመጀመሪያ የሚያውቀው ማርሴይን ወይም ኒስን አይደለም፤ ጅቡቲን ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1862 ኦቦክን ያዙ፤ ኋላም ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ጅቡቲን ቆርቁረው መቀመጫቸውን ወደዚያ አዛወሩ። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከተማዋ የእኛም ደጃፍ ሆናለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃነቷን ብታገኝም ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ቀርቷል። ሕዝቡ በቤቱና በገበያው የሚነጋገረው በሶማልኛና በአፋርኛ ነው።

የመሐል ከተማዋ አደባባይ ለብዙ ዘመን በአፄ ምኒልክ ስም ስትጠራ ኖራለች። ከእሷ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ሚናራ ይታያል። ከከተማው ወጣ ብሎ የእኛ የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚያድሩበት ሰፈር «ፒኬ 12» ይባላል። «ፒኬ» ፈረንሳዮች የመንገድን ኪሎ ሜትር የሚቆጥሩበት ምልክት ነው፤ ሰፈሩ አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው።

ሥራ በማለዳ ይጀመራል። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ ስትከር ቢሮውም ሱቁም ይዘጋል፤ ከተማው ይተኛል። ወደ አሥር ሰዓት ግድም እንደገና ይነቃል። በሌላው ወር ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት የከተማውን ልብ ያነቃቃል፤ በረመዷን ግን ይህ ሁሉ ወደ ሌሊት ይዞራል። ለኢፍጣር ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ «ፋህ ፋህ» የሚሉት የፍየል ሥጋ ሾርባና ፈረንሳዮች ትተውት የሄዱት ረጅሙ ዳቦ ይቀርባል። እንጀራ የናፈቀውም አያጣውም። ጤፉ፣ አትክልቱ፣ መብራቱ ሳይቀር ከእኛ አገር ይሄዳል።

በዚህች ከተማ የሚኖረው ወገናችን አንድ ዓይነት አይደለም። ሹፌሩ አለ፣ ነጋዴው አለ፣ በሰው ቤት የምትሠራው እህት አለች፣ ወደቡ ላይ ጆንያ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ አለ። ኮቪድና ከዚያ የተከታተለው ጦርነት የቱሪስቱን እግር ከላሊበላ ካራቀው ወዲህ፣ በአስጎብኚነትና በሆቴል ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ልጆችም የሩቁን መንገድ ማየት ጀምረዋል። ፈረንሳይኛ ለእንግዳ ለማስረዳት የተማረ የላሊበላ አስጎብኚ ጅቡቲ ላይ ያው ቋንቋ እንጀራ ሊሆነው ይችላል። ለሌላው ግን የመጀመሪያው ዓመት የዝምታ ዓመት ነው።

ሙሳፊር ወይስ ሙቂም?

በፊቅህ ትምህርት ከቤቱ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፦ ሙሳፊር (መንገደኛ) እና ሙቂም (ነዋሪ)። ሙሳፊር ሶላቱን ያሳጥራል፤ ጾሙንም ማፍረስና በሌላ ቀን መክፈል ይፈቀድለታል። ሙቂም ግን ሙሉውን ይሰግዳል፣ ወሩንም ይጾማል። ሁለቱን ከሚለዩት ነገሮች ዋነኛው በልቡ የያዘው ኒያ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቀመጥ የነየተ ሰው ነዋሪ ነው፤ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን። በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ ወጣቶቻችን ሁለቱንም ሰምተው ያድጋሉ።

ጅቡቲ ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ ዛሬም «እኔ መንገደኛ ነኝ» የሚል ወጣት ጥቂት አይደለም። በፊቅህ ነዋሪ ሆኖ ሳለ በኑሮው መንገደኛ ነው። ቋንቋ አይማርም፣ ምክንያቱም ነገ ይሻገራል። የመኖሪያ ወረቀት አያወጣም፣ ምክንያቱም ነገ ይሻገራል። ጎረቤቱን አይተዋወቅም፣ ሙያ አይለምድም። ዓይኑ ከባሕሩ ማዶ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጅቡቲ መንግሥት ሰነድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች ከአገሩ እንዲወጡ ቀን ሲቆርጥ፣ «ነገ» እያለ የቆየው ሁሉ ሻንጣውን ያነሳው በአንድ ጊዜ ነበር።

ማዶው ቅርብ መስሎ መታየቱ ነው ሰውን የሚያታልለው። ከጅቡቲ ጠረፍ እስከ የመን ባቢል መንደብ በጠበበበት ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚገርመው፣ በፈረንሳይ ምድርም ያው ታሪክ ተደግሟል። ካሌ ከተባለችው የሰሜን ፈረንሳይ የባሕር ከተማ እስከ እንግሊዝ ያለው ባሕርም ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ጥሩ ቀን ሲሆን የማዶው ነጭ ገደል ይታያል። እዚያ «ጫካው» ተብሎ በሚጠራው የድንኳን መንደር ሱዳናውያን፣ አፍጋኖች፣ ኤርትራውያንና የእኛ ልጆች እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2016 እስኪፈርስ ድረስ ኖረዋል። መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም በእንጨትና በላስቲክ ራሳቸው ሠርተው ነበር። የዚያ ዓመት ረመዷን በሰኔ ወር ስለዋለ የጾሙ ቀን ከ17 ሰዓት በላይ ነበር። ያን ሁሉ ትዕግሥት የነበረው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ግን አልነበረውም።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች

ለኛ የእንግድነት ትምህርት ከሩቅ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሲመጡ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ የንግድ መርከቦች በግማሽ ዲናር አሳፍረዋቸዋል። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና (ረ.ዐ) ሌሎችም ከአሥር ዓመት በላይ እዚህ ተቀምጠዋል። እነዚያ ሰዎች ልባቸው መካንም መዲናንም የሚናፍቅ ነበር፤ ነገር ግን ባሉበት አገር ኖሩ። ወለዱ፣ ሠሩ፣ የአገሩን ጭንቀት ተጨነቁ። በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሳበት ጊዜ ዱዓ አድርገውለታል፤ ወጣቱ ዙበይር ኢብኑል ዐዋምም በተነፋ አቁማዳ ወንዙን ዋኝቶ የውጊያውን ውጤት አይቶ ወሬውን አምጥቶላቸዋል።

እዚሁ የተወለደችው ኡሙ ኻሊድ ወደ መዲና ከሄደች በኋላ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ ሲያለብሷት «ሰናህ» ብለው በሐበሻ ቋንቋ ማሞገሳቸውን ሐዲስ ዘግቦታል። ቃሉ «ያማረ» ማለት ነው፤ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «ሠናይ» የሚለውን ወዲያው ያስታውሳል። አንዲት የስደተኛ ልጅ ያደገችበትን አገር ቃል ነቢዩ ራሳቸው አከበሩላት። ዛሬ ጅቡቲ ላይ ተወልዶ አማርኛውን ከሶማልኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ቀላቅሎ የሚናገር ልጅ ሲመጣ የሚስቁበት ዘመዶች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ባሕሩና ዕዳው

ኒያውን ያልወሰነ ወጣት በደላላ እጅ ለመውደቅ ቅርብ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 30፣ በረመዷን የመጨረሻ ቀናት፣ በኦቦክ በኩል ጎዶሪያ በተባለ ጠረፍ አቅራቢያ ስደተኞችን የጫነች ጀልባ ሰጥማ ሕፃናት ጭምር ከሠላሳ በላይ ሰዎች ሞቱ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በሚያዝያ አጋማሽ በዚያው አካባቢ ሌላ ጀልባ ሰጠመች። የሞቱት ብዙዎቹ የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። በዒድ ዋዜማ ስልክ የጠበቀ ቤተሰብ መርዶ ተቀበለ።

ቁርኣን በሁለተኛው ሱራ ሰው ራሱን በገዛ እጁ ወደ ጥፋት እንዳይጥል ይከለክላል። ይህ ክልከላ ተጓዡን ብቻ አይመለከትም። በሬ ሸጦ ለደላላ የሚከፍለውን፣ ልጁ ጅቡቲ ሥራ ይዞ ሳለ «የእከሌ ልጅ ሳዑዲ ገባ፤ አንተስ?» እያለ በስልክ የሚያስጨንቀውን ወላጅም ይመለከታል። ደላላው የሰው ነፍስ ነጋዴ ነው፤ ምርቃትም ሆነ ዱዓ አይገባውም።

በዚህ ረመዷን ምን እናድርግ?

ጅቡቲ ላላችሁ፦ ለመቀመጥ ከነየታችሁ ነዋሪ ናችሁ፤ እንደ ነዋሪ ጹሙ፣ እንደ ነዋሪም ኑሩ። ወደብ ላይ የሚሸከም ሠራተኛ በሌሊት ነይቶ፣ ሱሁሩን በልቶ ይጀምር፤ በሙቀቱ ለሕይወቱ ከሰጋ ያፍርስና በሌላ ቀን ይክፈል፤ ይህን ሊቃውንቱ ፈቅደዋል። ፊጥራችሁን ባላችሁበት ከተማ ለሚገኘው ድሃ ስጡ፤ የጎረቤት መተዋወቂያም ይሆናል። ወረቀታችሁን አስተካክሉ፣ በቀን አሥር ቃልም ቢሆን ተማሩ። ለመመለስ ከነየታችሁም ተመለሱ፤ ባዶ እጅ መመለስ ነውር አይደለም።

እዚህ ላለነው፦ ቁርኣን በዘጠነኛው ሱራ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ዕዳ ያሰጠመውንና መንገድ ላይ የቀረውን ሰው ይቆጥራል። ከስደት ተመልሶ ወልድያ መናኸሪያ ላይ ወደ ቤቱ መሳፈሪያ ያጣ ወጣት ሁለቱንም ነው። የበሬውን ዕዳ ዘመድ ተካፍሎ ቢከፍልለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት የሚያግዝበት ሥራ ነው፤ በላስታ ሐዘንና ሠርግ የምንካፈለው እንዲሁ ነውና።

ዛሬ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ጅቡቲ ያለ ልጅ ስትደውሉ ስለ ገንዘብ አትጠይቁ፤ ስለ ማዶውም አታንሱ። «ምን አፈጠርክ? ከማን ጋር?» በሉት። ብቻውን ያፈጠረ ከሆነ በዚያው ከተማ ያለ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ፈልጉለትና ነገ አብረው እንዲያፈጥሩ አድርጉ።

አላህ ጾማችንን ይቀበል፤ የወጡትን በሰላም ይመልስ።