«ቁልፍ» የሚለው ቃልና የአነስተኛው የጽሕፈት ሰሌዳ ስያሜዎች

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው አንድ የዕቃ ዝርዝር ነው። በባሌ ሮቤ የሚገኝ አንድ የጽሕፈትና የትርጉም ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ በአማርኛና በኦሮምኛ ሲጽፉ የሚውሉት ሠራተኞቹ የእጅ አንጓ ሕመም ስላስቸገራቸው፣ 36 ቁልፎች ብቻ ያሉት፣ ለሁለት የተከፈለ ሰሌዳ በልክ ለማሠራት ወሰነ። የመገጣጠሚያውን መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሰው ይህ ጸሐፊ ነበር። በዝርዝሩም ላይ «36 ቁልፍ» ብሎ ጻፈ። ዕቃው ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ደርሶ ሲከፈት 36 የፕላስቲክ ክዳኖች ተገኙ፤ ከክዳኖቹ ሥር ገብተው የኤሌክትሪኩን መስመር የሚያገናኙት ክፍሎች ግን አንድም አልነበሩም። ነጋዴው የተጻፈለትን አንብቦ የተባለውን ልኳል፤ ጉድለቱ የተርጓሚው ነበር።

ከዚህ የተነሣ፣ በዚህ ሙያ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ስያሜዎች አንድ በአንድ መመርመርና ከነምክንያታቸው ለአንባብያን ማቅረብ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

1. ቁልፍ፣ ቆብ፣ አገናኝ

«ቁልፍ» በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። የበር ቁልፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የምሥጢር ቁልፍ እንላለን። «ቈለፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ መሠረታዊ ሐሳቡ መዝጋትና ማያያዝ ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን ይህ ስፋት ችግር አላመጣም፤ ጣት የሚያርፍበት ክብ፣ ከሥሩ ያለው ዘንግና በዘንጉ ጫፍ ያለው የብረት ፊደል ተያይዘው ስለሚንቀሳቀሱ አንድ ስም ይበቃቸው ነበር። በዛሬው መካኒካዊ ሰሌዳ ግን ነገሩ ተለያይቷል። ጣት የሚነካው ክዳን ለብቻው ይሸጣል፤ ከሥሩ ያለው ባለ ሞላ ክፍል ለብቻው ይሸጣል፤ የትኛው ፊደል ይውጣ የሚለው ደግሞ በፕሮግራም የሚወሰን ሆኖ ከሁለቱም ጋር አልተጣበቀም።

ስለዚህ «ቁልፍ» ለጠቅላላው አካል ይቆይ፤ ለክፍሎቹ ግን የየራሳቸው ስም ይሰጥ። ክዳኑ «የቁልፍ ቆብ» ቢባል አናት ላይ መደፋቱንና መውለቁን ይገልጻል። ባለ ሞላውን ክፍል በተመለከተ፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ማብሪያ ማጥፊያ» ነው። ነገር ግን የቤት መብራት ማብሪያ በተዉት ቦታ ይቆያል፤ ይህኛው ጣት ሲነሣለት በሞላው ኀይል ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥራውም ማብራት ሳይሆን ለቅጽበት ሁለት ብረቶችን ማገናኘት ነው። በተለመደው ዓይነት ቁልፉ በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ መገናኘቱ የሚፈጸመው ግን በግማሹ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። በመሆኑም «የቁልፍ አገናኝ» የሚለውን እናቀርባለን። «አገናኝ» ብቻውን በኮምፒዩተር አማርኛ ወደ ሌላ ገጽ የሚያደርስ ማያያዣ ማለት ስለሆነ፣ «የቁልፍ» የሚለው ዘርፍ እንዳይቀር ተርጓሚዎች ይጠንቀቁ።

2. ሰሌዳ፣ አሰፋፈር፣ መንታ

ለጠቅላላው ዕቃ «ገበታ» ይሻላል የሚሉ አሉ። «ገበታ» ግን ከምግቡ ሌላ «የፊደል ገበታ» በሚለው ሐረግ ከሀ እስከ ፐ የተደረደረውን የሕፃናት መማሪያ ይጠራል፤ ስለዚህ ፊደላቱ በጽሕፈት መሣሪያ ላይ ከሚይዙት ሌላ ቅደም ተከተል ጋር ይጋጫል። «ሰሌዳ» ለዕቃው፣ «አሰፋፈር» ደግሞ ፊደላቱ በዕቃው ላይ ለያዙት ቦታ ቢውል ሁለቱ ሐሳቦች አይደባለቁም። ሰዎች በቀበሌ እንደሚሰፍሩ ፊደላትም በየቁልፉ ይሰፍራሉ፤ ሰሌዳው ሳይለወጥ አሰፋፈሩ ሊለወጥ ይችላል።

በተለመደው ሰሌዳ የላይኛው ረድፍ ከታችኛው ጋር ቀጥ ብሎ አይገጥምም፤ ወደ ጎን ዘመም ይላል። ይህ ከጽሕፈት መኪና የተወረሰ ነው። የየቁልፉ ዘንግ በሌሎቹ መካከል ማለፊያ ስለሚያስፈልገው ረድፎቹን ማዛነፍ ግድ ነበር። ዛሬ ዘንግ የለም፤ ዝንፈቱ ግን ቀርቷል። በአነስተኛው ሰሌዳ ቁልፎቹ በቀጥታ ዓምድ ይቆማሉ፤ ዓምዶቹም እንደ ጣቶቹ ርዝመት ከፍና ዝቅ ይላሉ። የመሐል ጣት ዓምድ ከፍ፣ የትንሿ ጣት ዓምድ ዝቅ ማለት ነው። በሁለት ቁልፎች ማእከል መካከል ያለው ርቀት በተለምዶ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ለሁለት የተከፈለውን ሰሌዳ «ክፍል ሰሌዳ» ብንለው የተሰበረ ያስመስለዋል። «መንታ ሰሌዳ» ግን ሁለቱ ወገኖች እኩያና ተመሳሳይ መሆናቸውን ያሳያል። ጥቅሙም እጆች በትከሻ ስፋት ተለያይተው ስለሚያርፉ አንጓ ወደ ውጭ አለመጣመሙ ነው። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር የጽሕፈት መምህርት የነበረችው ሊሊያን ማልት የተሳተፈችበት «ማልትሮን» የተባለው ሰሌዳ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ለባለቤቱ እጅ ተለክቶ የሚዘጋጀውን ለመጥራት ደግሞ ልብስ ሰፊዎቻችን ቃሉን አስቀድመው ሰጥተውናል፤ «በልክ የተሰፋ» እንደሚባል «በልክ የተሠራ» ማለት ይበቃል።

3. ፊደላችን በ36 ቁልፎች ላይ

33 የፊደል ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲታከሉ ከዚያ ይበልጣሉ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ይሰጥ ቢባል የተለመደው ባለ 104 ቁልፍ ሰሌዳ እንኳ አይበቃም። አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሣ የገጠመው ይኸው ነበር። በጽሕፈት መኪና የተገኘው መፍትሔ የፊደሉን አካልና የአናባቢውን ምልክት ለየብቻ መምታት ሲሆን፣ ምልክቱ ከአካሉ ጋር በሚገባ ስለማይገጥም መልኩ ይጎረብጥ ነበር። በኮምፒዩተር ይህ ችግር ተወግዷል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ስለ ተመዘገበ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ሰሌዳው የሚልከው የቁልፉን መለያ ብቻ ነው፤ ተነባቢና አናባቢውን አዋሕዶ ሆሄውን የሚያወጣው የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ ሥነ ልሳን ይዞራል፤ አናባቢ ሳይጨመር፣ በአንድ ምት ብቻ የሚወጣው የትኛው ረድፍ ይሁን? ልማዳችን ግዕዙን ያስቀድማል። ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እንፈትሽ።

ሀ) በሮቤ ገበያ ስንዴ የሚሸጡ ገበሬዎች በጠዋት ይመጣሉ።
ለ) ይህ ትምህርት ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በ(ሀ) ካሉት 26 ሆሄያት 10ሩ ግዕዝ፣ 5ቱ ሳድስ ናቸው። ክፍተቱንና ሥርዓተ ነጥቡን ትተን ስንቈጥር፣ ነጻው ረድፍ ሳድስ ከሆነ 47፣ ግዕዝ ከሆነ 42 ምት ያስፈልጋል። በ(ለ) ግን ከ19 ሆሄያት 14ቱ ሳድስ ናቸው፤ ሳድስ ነጻ ሲሆን 24፣ ግዕዝ ነጻ ሲሆን 37 ምት ይሆናል። በድምሩ 71 ከ79 ጋር ይነጻጸራል። ሁለት ዐረፍተ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ አቅጣጫውን ግን ያመለክታል። ሳድስ ድምፀ ቢስ ተነባቢንም ስለሚጽፍ በአማርኛ ጽሑፍ ከሁሉ ይበዛል። ስለዚህ ሳድሱ በነጻ ይውጣ።

ቀጥሎ ቦታ እንመድብ። መንታው ሰሌዳ በእያንዳንዱ እጅ 3 ረድፍና 5 ዓምድ፣ በድምሩ 30 የጣት ቁልፎች፣ በተጨማሪም 6 የአውራ ጣት ቁልፎች አሉት። ከ33ቱ ቤቶች ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ፣ እንዲሁም አልፎ አልፎ የሚገኙት ዠ፣ ኸ፣ ጰ፣ ፐ ወደ ሁለተኛው «ደርብ» ቢወጡ 24 ይቀራሉ። ከሳድስ በቀር ላሉት ረድፎች 6 የአናባቢ ቁልፎች ሲጨመሩ 30 ይሞላል። ነገር ግን የግዕዝና የራብዕ አናባቢዎች ከሌሎቹ ስለሚበዙ ለብርቱው ለአውራ ጣት ቢሰጡ ይመረጣል፤ በ(ሀ) ከሚያስፈልጉት 21 የአናባቢ ምቶች 13ቱ በዚህ መንገድ ወደ አውራ ጣት ይሄዳሉ። በሚለቀቁት ሁለት ቁልፎች ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ይገባሉ። የቀሩት አራት የአውራ ጣት ቁልፎች ለክፍተት፣ ለመሰረዣ፣ ለደርብ መለወጫና ለቋንቋ መለወጫ ይሆናሉ።

«ደርብ» ያልነው ያው ቁልፍ መለወጫው ተይዞ ሲመታ የሚሰጠው ሌላ ምድብ ነው። ድርብ ልብስና የቤት ደርብ የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

እዚህ ላይ ግን የቋንቋ ባለሙያ ዝም ሊል አይገባም። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር በጉባኤ ሳይቋጭ የኖረ ነው። ሰሌዳ ሠሪው ሠን ሩቅ ቦታ ቢሰውራት፣ ጽሕፈት ፈጻሚው ድካም እየሸሸ «ሥራ»ን በሰ፣ «ዓመት»ን በአ ይጽፋል፤ ማንም ያልወሰነው የፊደል ማሻሻያም በጣቶች ስንፍና ይፈጸማል። ስለዚህ ሞክሼዎቹ በሁለተኛው ደርብ ላይ ከጓደኞቻቸው ቁልፍ እንዳይለዩ፣ ማለትም ሠ ከሰ፣ ፀ ከጸ፣ ዐ ከአ፣ ሐ ከሀ በላይ እንዲሰፍሩ አጥብቀን እናሳስባለን። ኀ ከሐ ጎን ትቁም።

4. ሁለት ቋንቋዎችና የባሌ አቧራ

በሮቤና በጎባ ጸሐፊው በአንድ ቀን ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል። 26ቱ ፊደላትና ሁዻ የተባለው ምልክት 27 ቁልፎችን ይይዛሉ፤ በ30ው የጣት ቁልፎች ላይ ለሥርዓተ ነጥብ ሦስት ይተርፋሉ። ሰሌዳው ለሁለቱም ይበቃል ማለት ነው።

ልዩነቱ ያለው በድርብ ፊደል ላይ ነው። አማርኛ የሚጠብቀውን ድምፅ በጽሕፈት አያሳይም። ኦሮምኛ ግን ጥብቀትንም የአናባቢ ርዝመትንም ፊደሉን በመድገም ይጽፋል፤ «መሬት» የሚለውና «ለስላሳ» የሚለው ቃል የሚለያዩት በአናባቢዎቻቸው ርዝመት ብቻ ነው። አሁን ወደ አገናኙ እንመለስ። ሁለት ብረቶች ሲጋጩ ለጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ይነጥራሉ፤ ይህን «ንጥረት» እንበለው። የሰሌዳው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ 5 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ታግሦ የነጠረውን እንደ አንድ ምት ይቈጥራል። ሰው አንድን ቁልፍ ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ሲመታ ከዚህ እጅግ የረዘመ ጊዜ ስለሚወስድ ሁለቱ አይምታቱም።

ይሁን እንጂ ባሌ ስንዴና ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚታጨድባት አገር ናት። በአጨዳ ወራት አቧራው፣ ገለባውና እብቁ በየመስኮቱ ይገባል። አገናኙ ሲቆሽሽ ንጥረቱ ይረዝማል፤ አንዱ ምት ሁለት ፊደል ይሆናል። በአማርኛ ጽሑፍ የተደገመ ሆሄ ብዙውን ጊዜ በግልጽ ስሕተትነቱ ይታያል። በኦሮምኛ ግን የተደገመው ፊደል ሌላ ትክክለኛ ቃል ሊፈጥር ስለሚችል፣ ስሕተቱ ከአራሚው ዐይን ያመልጣል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ለሚሠራ ሰሌዳ አገናኞቹ ተበይደው የሚቀሩ ሳይሆኑ ተነቅለው የሚጸዱና የሚለወጡ ቢሆኑ ይመረጣል። መመሪያውን የሚተረጉምም ሰው «ንጥረት»ን «ብልሽት» ብሎ እንዳያልፈው፤ የመጀመሪያው በልክ እስካለ ድረስ የብረት ጠባይ ነው፤ ጠጋኙም የሚያደርገው ነገር ይለያያል።

5. መረብ

36 ቁልፎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሽቦ አያስፈልጋቸውም። በ6 ረድፍና በ6 ዓምድ ቢያያዙ 12 መስመር ይበቃል፤ ይህን አያያዝ «መረብ» ብለነዋል። በመረቡ ላይ የአራት ማእዘን ሦስት ጫፎች አብረው ሲጫኑ አራተኛው የተጫነ መስሎ ይታያል፤ ይህን የሐሰት ምት «ጥላ» እንለዋለን። ለየቁልፉ የሚበየደው ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ ጥላውን ያስቀራል። «ዳዮድ» በሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ሌላ ስም አንፈልግለትም።

የተሻሻለው የሮቤ ዝርዝር «36 የቁልፍ አገናኝ፤ 36 የቁልፍ ቆብ፤ 36 ዳዮድ» ተብሎ ተጽፎ ተልኳል፤ የመጣውም ያው ነው። ከቀረቡት ስያሜዎች መካከል «አገናኝ» በትርጉም መደራረብ፣ «ጥላ» በሰፊነቱ ክርክር ሊያስነሡ እንደሚችሉ እናውቃለን። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ፣ በተለይም ዕቃውን በእጁ የሚገጣጥምና የሚጠግን ሰው የሚናገረውን ቃል ሰምቶ የመዘገበ፣ ቃሉን ከተነገረበት ቦታና ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ቢልክልን በሚቀጥለው ዝርዝር ውስጥ እናስገባዋለን።